ሲመለስ አትሩጪ

እዚህ ራስ አል ኸይማ ሰርግ ሁለት ቤት አለው፤
ወንዱን ከሴቶቹ ግንብ የሚለየው።
ከእኛ ወገን ጭራሽ ወንድ አይገባምና፣
ሙሽሪት ፀጉሯን ገልጣ ትቀመጣለችና፣
ድምፅ የሚይዝላቸው ጠፍቶ ሲጨንቃቸው፣
ሻይ ይዤ ሳልፍ ነው ያረፈብኝ ዓይናቸው።
«ሉባባ፣ ነይ እስቲ፣ ይችን ቁልፍ ንኪ።»
ነካሁ። ይኸው አራት ዓመቴ።

ሳጂ ነው ያስተማረኝ፣ የኬረላው፣ ከማዶ፣
በመነጋገሪያ፣ ቃል ከቃል አንጠልጥሎ፣ ጎርዶ፤
የእሱ አረብኛ ስብርባሪ፣ የእኔም ስብርባሪ።
«ዋናዋ ሰዓት» አለኝ «ከእኔ ዘንድ ናት፤
በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ ነው አመታቷ፣
ግንቡን ቀዳ ወደ አንቺ ትሻገራለች በገመዷ፤
ሚክሰርሽ እሷን ሰምቶ እግር በእግር ይረግጣል።»
እሷ ዝም ያለች ለታ ምን እንደሚመጣ
ሳይነግረኝ መጣ።

ሙሽራ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሯ በአየር ላይ፣
አሸዋ የዘረገፉ ይመስል በቆርቆሮ ላይ፣
እንዲያ ያለ ጩኸት። አሮጊቶች ጆሯቸውን ያዙ።
ለካ የባሕሩ ወበቅ፣ ያ ጨዋማ ትንፋሽ፣
የገመዷን ጫፍ ሲልሳት ከርሞ
በልቷት ኖሯል።
ጨውን ማንም አልጠየቀው፤
ከደሞዜ ስድስት መቶ ድርሃም ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ የማሽኑን መጽሐፍ በስልኬ አንስቼ
አልጋዬ ላይ ሌሊት ሌሊት ቃል በቃል አስፈትቼ፣
ገባኝ፤ በየሣጥኑ ሆድ አንዲት ድንጋይ አለች፣
ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ፣ መቁጠር የምታውቅ፣
ዋናዋ ስትናገር ቃል የማትተነፍስ።
ለእሷ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ከጠፋች በራስሽ ቁጠሪ፣ አንድም ምት አትዝለዪ፤
ከተመለሰች ግን፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆዪ፤
ሲመለስ አትሩጪ።
መጥፋት ብቻ አይደለማ፣ መመለስም ያንጓጓል።

ይህን ቀድሞ ያስተማረኝ ማሽን አልነበረም።
ቆቦ ስልክ የጠፋ ጊዜ፣ ሐዋላውም ሲዘጋ፣
ለእናቴ የምልከውን፣ ወር በገባ በነጋ፣
ቆጥሬ በብስኩት ቆርቆሮ አኖርኩት።
ሦስት መቶ። ደግሞ ሦስት መቶ።
ትኑር አትኑር ሳላውቅ፣ ትናንት እንዳናገርኳት ሁሉ።
መስመሩ ሲመለስ ቆርቆሮው ሞልቷል፤
ታናሼ «ሃሎ» ቢለኝ ድምፁ ጎርንኗል፤
በእኔ ቆጠራ ገና ልጅ ነበር።
የብቻ ቆጠራ እንዲህ ነው፤
አይቆምም፣ ግን ትንሽ ትንሽ ያዘማል።

ዛሬ ማታ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ይላል፣ የእጄ ሁለት፤
የቆቦን ነው የማስረው፣ ጠያቂ የለኝም።
ሙሽራዋ በር ላይ ናት። አራት መቶ ሴት ተነሣ።
አረንጓዴዋ ነጥብ ቀላች።
እጄን አነሣሁ፣
መልሼ አኖርኩት።
ዘፈኑ አልተነቀነቀም፤
ቀሚሷ ምንጣፉን እየጠረገ ሄደ፣ ሄደ።

«ሉባባ!» ይላል ሳጂ፣ «የሥጋ ጋሪ ገመዱን ረገጠው! አለሽ?»
«አለሁ።»
ወንዶቹ በዓይን ጥቅሻ ቀድመውን ይሆናል፣ ወይ ዘግይተው፤
ማን ሊያውቅ፣ ግንቡ ወፍራም ነው።

ከደቂቃ ተኩል በኋላ ነጥቧ ብልጭ አለች፣ አረንጓዴ፤
ነይ፣ ነይ ትለኛለች።
አልሄድኩም።
ሙሽራዋ ወንበሯ ላይ እስክትደላደል፣
የፊሊፒኗ ልጅ ዘርፉን እስክታነጥፍ፣
ከበሮው የመጨረሻዋን እስኪመታ ጠበቅኩ፤
በጭብጨባው መሐል ነው የተጫንኩት።

አክስቲቱ መጣች፣ ሽቶዋ ቀድሟት።
«ዛሬ ድምፁ ምንም አልሆነም» አለች፣
«በይ እስቲ ሻይ አምጪልኝ።»
ሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ነበር።
እስኪያልቅ፣ አልኳት።