ፍሬን

ቱሪን፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣ ግሪስ የጠገበ ጋራዥ አለ፤
ጠዋት በሩን ስገፋው፣ እንደ ሽማግሌ እየሳለ
«ግባ» ይለኛል።
ሁለት መኪና ቆመዋል፣ ትከሻ ለትከሻ፣
የአንድ ሰው ንብረት፤ የኦሬስቴ፣
የዱሮ ትራም ነጂ፣ የዛሬ ባለ ምርኩዝ።

አንደኛዋ ሰይቼንቶ ናት፣
በፈረንጅ ሃምሳ ዘጠኝ የወጣች፣ መልኳ የከረመ ቅቤ፤
ክብ ዓይን፣ አጭር አፍንጫ፣
ሞተሯን እንደ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች እናት።
ብርድ ሲሆን ትኮርፋለች፣
ካልገፋችሁኝ ትላለች፣
ዳገት ላይ ብስክሌት ሲቀድማት
ምን ገዷት! ጭሷን ፊቱ ላይ ትለቃለች።

የአካሏን ስም አንድ ባንድ አውቀዋለሁ፤
ድሬዳዋ ላይ፣ ጋሽ ውርዶፋ በኩርኩም ያስጠናኝ ነው፦
ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ።
ኦሬስቴ ሲሰማኝ ሳቀ።
«ቋንቋችንን ማን ሰጠህ?»
«የናንተ? የኛ የጋራዥ አማርኛ ነው እንጂ!»
ተከራከርን። ማንም አልረታ።

ሁለተኛዋን ልጁ ሎሬዳና በብድር ገዛችለት።
ኤሌክትሪክ ናት፤ ዝምተኛ።
ኮፈኗን ብከፍት ክዳን፣ ክዳኑን ባነሣ ሌላ ክዳን፤
ዘይት የሚያንጠባጥብ ሆድ የላት፣ የሚያጨስ አፍ የላት፤
መፍቻዬን ይዤ ቆምኩ፣
ሟቹን ሳያውቅ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው።
ሲያማት አታቃስትም፣ መስታወት ላይ ቁጥር ትጽፋለች፤
ሐኪሟ ሩቅ ነው፣ በአየር ያክማታል፣ ሌሊት፣ እኛ ተኝተን።

እኔማ ፈርጄ ነበር።
«ይቺ ጎማ ያበቀለች ቴሌቪዥን ናት፤
ያቺ ግን ነፍስ አላት» እል ነበር፣
እጄን በነዳጅ እየታጠብኩ፣ ለሰማውም ላልሰማውም።
ኦሬስቴ ዝም።

አንድ ማክሰኞ፣ በኅዳር፣
ጉም ከፖ ወንዝ ተነሥቶ መንገዱን አከናንቦት፣
ለሙከራ ወጣን፤ እሱ መሪ ጨብጦ፣ እኔ ከጎኑ።
ስለ ጉልበቱ ሕመም ይነግረኛል።
ድንገት ኳስ።
ከኳሱ ኋላ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ።
የኦሬስቴ እግር ገና አልሰማም፣
የኔ አፍ ገና አልተከፈተም፣
መኪናዋ ቆመች።
በራሷ።
ልጁ ኳሱን አቀፈ፣ አንዴ አየን፣ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ኦሬስቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።
ለካ በሰባ አንድ፣ በሰይቼንቶዋ፣ ከዚህ ሁለት መንገድ ወዲያ፣
እሱም ረግጦ ነበር፤
በሙሉ እግሩ፣ በሙሉ ዕድሜው ረግጦ፣
አልደረሰም።
የልጅቷን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ነገረኝ፤
እዚህ አልጽፈውም።
«ያልሸጥኳት» አለኝ፣ «ስለምወዳት መስሎህ ነው?»

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጊቷን አስነሣታለሁ፤
ካርቡራተሯን እነፋለሁ፣ ፔዳሏን ሁለት ሦስቴ እረግጣለሁ፤
ቀስ ብሎ ይመለሳል፣
የማይፈልገውን እንደ ጠየቁት ሰው።
ዝምተኛዋ ጥግ ላይ ገመዷን ጎርሳ ትጠባለች፣
አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ፣ ድርግም።
ነፍስ አላት ወይ? እኔ እንጃ።
የአካሏን ስም አላውቀውም፣ እሱም አያውቀው፤
አንዱን ብቻ፣
ፍሬን፣
በሱም ቋንቋ፣ በኔም።