በር ያለው መረብ

ቀዳዳ ጠላቴ ነው፤ ከእናቴ የወረስሁት፣
በጣቴ እየዳበስሁ በመርፌ የገደልሁት።
ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ በተደፋ ታንኳ ጥላ፣
ናይለን በጥርሴ እየቆረጥሁ፣ ስቋጥር በዘዴ በመላ።
ፓራዲፕ ወደብ ላይ አጥማጆች ሲማማሉ፣
«ፖላማ የሰፋችው ውሃም አያሾልክ» ይላሉ።

ኅዳር ሲገባ ይመጣሉ የባሕር ኤሊዎች ከሩቅ አገር፣
እንቁላል የሚጥሉበትን፣ የተፈለፈሉበትን ዳር
አሽትተው፣ ወይ አስታውሰው፣ ወይ እኔ በማላውቀው ምሥጢር።
የእኛም ሽሪምፕ የሚወፍረው ያኔ ነው፤ በዚያው ባሕር።
ኤሊ እንደ ዓሣ አይደለችም፤ ሳንባ አላት እንደ እኛ፣
ብቅ ብላ፣ ተንፍሳ ነው የምትጠልቀው እንደገና።
መረቡ ሦስት ሰዓት ከታች ሲጎተት ግን፣
ማን ከፍቶላት ትውጣ? ማን ያበድራት ትንፋሹን?

አባቴ በመቅዘፊያ ዘመን፣ ኤሊ መረቡ ስትገባበት፣
ተራራ በጀርባው ያዘለ የአምላክ ዘመድ ናት ብሎ፣ ቀይ ዱቄት
ግንባሯን ቀብቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነበር የሚለቃት።
ሞተር እጅ መንሣት አያውቅም።
ባሌ አፓላስዋሚም ከመሪው ኋላ ቆሞ፣ ከታች ያለው አይታየውም።

አንድ ማለዳ፣ የካቲት ላይ፣ ልጄ ኑካራትናም
ከአሸዋው ዳር ጠራችኝ፤ ድምጿ የወትሮው አይደለም።
ሄድሁ። እስከ አርባ ሰባት ቆጠርን፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውን።
ቁራ ቀድሞን ደርሷል፤ ይለቅማል ዓይናቸውን።
ከአንዷ ጠጋ ብዬ ክንፏን ቀና ባደርገው፣
ቁራጭ መረብ አየሁ ብብቷን የቆረጠው።
ሰማያዊ። ድርብ ዙር። ወደ ግራ የታሰረ።
በወደቡ ግራኝ ሰፊ ከእኔ በቀር ማን ነበረ?
«እማ፣ የማን መረብ ነው?» አለች።
«የባሕር ነው» አልኋት።
ዋሸሁ። ልጄም አወቀች፤ አሸዋ ነበር ያየች፣ እኔን ላለማየት።

ከዚያ አንድ ሰው ከቢሮ መጣ፣ ይዞ ሞላላ ብረት፣
እንደ እስር ቤት መስኮት ዘንግ በዘንግ የቆመበት።
«ሽሪምፑ በዘንጎቹ መሃል ያልፋል፤ ኤሊዋ ትገታለች፣
ከበላዩ በተቀደደው በር ወደ ላይ ትወጣለች።»
አጥማጆቹ ሳቁበት፤ «በር ያለው መረብ! ታች የሌለው ኪስ!
ለኤሊ የተከፈተው ለዓሣ ይዘጋል ወይስ?»
ባሌ አልሳቀም። ማታ ግን ሩዙን እየጎረሰ፣
«የናፍጣ ዕዳ ኤሊ አይከፍልልኝም» አለና እጁን አበሰ።
እውነቱን ነው። ዕዳውን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ የምቆጥረው፣
ልጄ በከሰል ግድግዳ ላይ በመስመር በመስመር የጻፈችው።

ሌሊት ተነሣሁ። መረቡ ጓሮ ተዘርግቷል፤
መቀሱን ያዝሁ። ለመድፈን ያደገ እጅ ለመቅደድ እንዴት ይታዘዛል?
አንድ ዓይን ቆረጥሁ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ አመመኝ፣
በወደቡ የተጠራሁበትን ስሜን የተረተርሁ መሰለኝ።
ቀና ስል ባሌ ቆሟል፣ በጨለማው፣ ከውሃው ጋን አጠገብ።
ስድብ ጠበቅሁ። ዝም አለ። ዝም አለ። ከዚያ በቀስታ፦
«ጠርዙን ደርበሽ ስፊው፤ እንዳይተረተር።»
ተመልሶ ተኛ። እኔ ስሰፋ ነጋብኝ፤ ዶሮ ጮኸ ከመንደር።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ቅርጫቱ በእፍኝ ጎድሏል፤
አልጠየቅሁትም፤ ክንዱ ላይ ጨው ደርቋል።
«ወጡ?» አልሁት ብቻ።
«በሩ ላይ ዘበኛ አላቆምሁም» አለኝ፣ ሄደ ወደ መኝታ።

ሃያ ሁለት ጀልባ አለ እኔ የሰፋሁለት፣
በር የሌለው፣ ውሃም የማያሾልክ፣ እኔው የማልሁለት፤
ዛሬም ከታች ይጎተታል፤ እጄ አይደርስበት።

ትናንት ጎረቤታችን ቺናያ መጣ፣ ኤሊን ሳያነሣ፣
ስለ ነፋሱ አወራ፣ ስለ በረዶው ዋጋ፣
ሊሄድ ሲነሣ ዞር ብሎ፣ «ለመሆኑ» አለ፣
«ለበር ስንት ታስከፍያለሽ?»
ለድፍን ዋጋ አለኝ፤ በክንድ፣ በዓይን፣ በቋጠሮ።
ለመክፈት ግን አላወጣሁም።
«ነገ ና» አልሁት።
ሌሊቱን ሳሰላ አደርሁ።