የመኖሪያ ቅጽ

ጎህ ሳይቀድ ደረስን፥ ከአል-ዳይድ ዳርቻ፣
አስፋልቱ ሲያልቅ የሚቀረው አሸዋ፣ አሸዋና እሾህ ብቻ።
ወሩ የካቲት ነው፤ ብርዱ ጣት ይቆነጥጣል፤
አሥራ ሁለት ቪላ ሊቆምበት ችካሉ ተመትቷል፣ ቀይ ሪባን ተወጥሯል።
"ከመቆፈሩ በፊት" ይላል የወረቀቱ ራስ፣
"ማን እንደሚኖርበት ይቆጠር፣ ይዳሰስ።"

ዶክተር ሊሳማ ከኬረላ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤
እሷ ጎንበስ ብላ ስም ትጠራለች፣ የኔ እጅ ይጽፋል።
ሰባት ዓመት ሙሉ በሻርጃ የሰው ወለል ወልውያለሁ፤
ዛሬ በእጅ ባትሪ የእንሽላሊት ደጃፍ እቆጥራለሁ።

"ጋፍ" አለች። አንድ። ሁለት ሰው ተያይዞ አቅፎ አይጨርሰውም፤
ሥሩ ስንት ክንድ እንደወረደ ቅጹ አይጠይቅም፣ እኛም አናውቀውም።
ዳብ፥ ጅራቱ እሾህ ያበቀለ፣ ወፍራም፣ ኩሩ እንሽላሊት፤
ጉድጓዱ ሲቆጠር ዘጠኝ፤ ሁለቱ አፉ ላይ ድር የተፈተለበት፣
የቀረው ሰባቱ ትኩስ የጅራት ሰረዝ ያለበት።
ቀበሮዋን አላየናትም። ዱካዋ ግን ከችካል ወደ ችካል ይሄዳል፤
አራተኛው ላይ ሸንታበታለች፤ ይግባኝ ማለቷ ይሆናል።

ደግሞ ያ ቅጠለ ሰፊ፥ ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት የሚያለቅስ፤
ሊሳማ በላቲን ጠራችው፣ እስኪያዳልጣት ምላስ።
"በናንተስ ምን ይባላል?" "ጦቢያው" አልኳት። ሳቀች፤ "ጻፊው" አለች፤ ጻፍኩት፤
ሰባት እግር ጦቢያው፥ "ዋጋው ዝቅተኛ" ከሚለው አምድ ሥር ደረደርኩት።
አልከፋኝም። የትም ይበቅላል፤ ፍየል እንኳ አይደፍረውም፤
የተቃጠለ ጎማ አጠገብ አብቦ አይቼዋለሁ፤ ማንም አላጠጣውም።

ፀሐይ ከረር ስትል ከጋፉ ጀርባ ሰው አሳለ።
ዳድ ከሪም ነው፣ ባሉች፤ የሙሰባህን ግመሎች ሲጠብቅ እዚሁ የዋለ፣ እዚሁ ያደረ፣
አሥራ አንድ ዓመት የኖረ።
ከቅርንጫፉ ሥር ፍራሽ፣ ጥቁር ማንቆርቆሪያ፣ ግንዱ ላይ ምስማር፤
ከምስማሩ ላይ ሸሚዝ፣ ስንጥቅ መስታወት፣ የጥርስ ብሩሽ በክር።

"ዘጠኝ አይደሉም" አለ በተሰባበረ ዓረብኛ፤ "አሥር ናቸው፤
ከድንጋዩ ወዲያ አንዲት አሮጊት አለች፤ ቀትር ሳይሆን አይወጡም እንደሷ ያሉ፣ ዕድሜ የከበዳቸው።"
ዘጠኙን ሰርዤ አሥር አልኩ።
"ምን ታደርጓቸዋላችሁ?"
ሊሳማ አስረዳችው፦ ጋፉን ሕግ ይጠብቀዋል፣ አጥሩ ዙሪያውን ይሄዳል፤
እንሽላሊቱ አንድ በአንድ ይያዛል፣ በሣጥን ሆኖ ወደ ታጠረ ምድር ይወሰዳል።
አሰበ። "ጥሩ ነው" አለ።
"ሣጥኑን ብሱለት፤ አየር ይግባው።"
ስለ ራሱ አልጠየቀም። ግመሎቹን ውኃ ሊያጠጣ ሄደ።

ቅጹን ገለበጥኩት፦ አእዋፍ፣ ጡት አጥቢ፣ ተሳቢ፣ ነፍሳት፣ ዕፀዋት፤
ለፍራሽ የሚሆን አምድ፣ ለምስማር የሚሆን ረድፍ አጣሁለት።
የኔም ፈቃድ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ እሱም ማኅተም ያለበት፤
በኛ ቋንቋ ሁለቱም "መኖሪያ" ነው፣ የአውሬውም የኔም ወረቀት።

ከዳር፣ በጠባቧ ነጭ ቦታ፣ ሌላውን ሁሉ በጻፍኩበት እጅ፣
"ፍራሽ፥ አንድ። ዱካው ትኩስ። ነዋሪው አለ" ብዬ ጻፍኩ እንጂ
ሌላ ምን አውቃለሁ።

ሊሳማ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።
አልሰረዘችውም። ከሥሩ ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች።
ቀትር ነበር። ከድንጋዩ ወዲያ፣ እንደተባለው፣
አሮጊቷ ወጣች፤ ሪባኑን ተራምዳ፣
አገጯን ችካሉ ላይ ጥላ ፀሐይ ሞቀች።