አንቱ የተባልኩ ዕለት

አራት ኪሎ ሜዳ፣ ከሰዓት ቅዳሜ፣
አራተኛው ሩብ ላይ፣ ከዳር መስመር ቆሜ፣
ኳሷን ላስገባ ስል ትንፋሼን ለቅሜ፣
ኪሩቤል የሚሉት፣ ጢም ያላበቀለ፣
ዋንጫ ስናነሣ ከማህፀን ያለ፣
ከጥግ እጁን ሰቅሎ «ያቀብሉኝ!» አለ።

ያቀብሉኝ።

አሥር ሰከንድ ሲቀር፣ ባንድ ነጥብ ተበልጠን፣
ክርን ጎድን ሲወጋ፣ በላብ ተለቅልቀን፣
ማን ነው አንቱታን ሜዳ ያስገባብን?

«ለ» ወጥታ «ሉ» ገባች።
እንዲህ ያለ ቅያሪ፣ በሃያ ሁለት ዓመት፣
አንድም አሠልጣኝ አላደረገም በእኔ ላይ፤
ዳኛም አላፏጨ፣ ከወንበር የተነሣም የለ፣
ሰሌዳውም ዝም አለ፣ ቁጥሬን ሳያሳይ።

አቀበልኩት። አገባ።
ልጆቹ እየዘለሉ አንዱ ባንዱ ላይ ሲቆለል፣
እኔን ግን በሁለት እጅ ጨበጡኝ፣
አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ።

ከደረጃው በላይ፣ ቆሎ የሚቆረጥሙ
ሁለት የድሮ ሰዎች በእኔ ተሟገቱ፦
አንዱ «ይበቃዋል፣ በክብር ይውረድ» ሲል፣
አንዱ «ተወው» አለ፣ «ምን ይሠራል ቤቱ?»
የትኛው እንደሚወደኝ እስካሁን አልለየሁም።

✻

ድሮ ጋዜጣው ላይ «አንቱ የተባለው
ባለ ሰባት ቁጥር» ተብሎ ስሜ ከነፎቶው
ሲወጣ ቆርጬ፣ ከቁም ሣጥኑ በር
በስተውስጥ ለጥፌ፣ ሸሚዝ ባወጣሁ ቁጥር
አየው ነበር።
ለካ ሰሙን ነው ያየሁ።
ወርቁ ግን ዘገየ፤ ሃያ ዓመት ተጉዞ
ባንድ ልጅ አፍ ደረሰ፣ ላብና ማስቲካ ይዞ።

ሐኪሙም ራጁን ወደ መስኮት አንሥቶ
«የማን ጉልበት ነው?» አለ፣ ከእኔ ዓይኑን አሽሽቶ።
ወያላውም ትናንት፣ ከፒያሳ ስሳፈር፣
ሦስት ቦታ ታጥፌ ስቀመጥ በበሩ ሥር፣
«ፋዘር፣ ጠጋ በሉ!»
ጠጋ አልኩ። ወዴት ነው? ጉልበቴ እኮ ደርሷል
ከሹፌሩ ጆሮ።

ዓይናዲስ ትስቃለች፦
«ቤትም እኮ» ትላለች፣ «ከፍ ያለ ቦታ አለው፤
አምፖሉ ከተቃጠለ ወር ሊሞላው ነው።»

✻

ማመልከቻው ኪሴ ነው። ከተጻፈ ሰነበተ።
«ለስፖርት ክፍሉ።
ጉዳዩ፦ ጫማ መስቀልን ይመለከታል።»
የት ነው የሚሰቀል? የኪራይ ቤት ግድግዳ
ምስማር ይከለክላል።

ደግሞ እኔ በደመወዝ መዝገቡ ላይ
«የመጋዘን ረዳት» ነኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የፈረምኩበት፣
ደጁን ግን አንድ ቀን ያልረገጥኩት።
ኳስ ያቆምኩ እንደሆን፣ ሰኞ ጠዋት ሄጄ
መጋዘን ልገባ ነው፣ በገዛ እጄ፣
ከአሮጌ ቆጣሪ፣ ከዛገ ብሎን ጋር፣
በካርድ ተመዝግቤ።

✻

ሁሉም ሲበተን ቀረሁ።
ጥበቃው መብራቱን ግማሹን አጠፋው።
ከሩቁ መስመር ወረወርኩ። ደግሞ ወረወርኩ።
ዘጠኙ ገባልኝ። በአሥረኛው
ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ ረግጣ ዘለለች፣
አጥሩን አልፋ አስፋልቱ ላይ ወረደች፣
ታክሲ ለጥቂት ሳታት።

አንድ ሊስትሮ ልጅ ሣጥኑን ጥሎ ሮጠ፣
ቀለም ባጠቆረው እጁ አቅፎ ይዟት
በአጥሩ ቀዳዳ ሽቅብ አየኝ። ሽቅብ፣ ሽቅብ።
የት ላይ እንደማልቅ ፈልጎ ሲያጣው፦
«አንተ ረጅሙ!» አለኝ፣
«ብወረውርልህ ከዚያው ታገባለህ?»

አንተ አለኝ።

ኳሷ በአየር መጣች፤ መዳፌ ላይ
የጫማ ቀለም አሻራ ጣለች።
ማመልከቻው ኪሴ ነው፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ
ብቻውን ያንጎራጉራል።
ግን የተጠየቀ ሰው መልስ አለበት።

እግሬን አስተካከልኩ።