የስድስት ክብ ዛፍ

ከሥራ ገባሁኝ፤ ጓንቴን ሳላወልቅ
ውዳሴ ቆማለች፣ ወረቀት ዘርግታ፣ ጥያቄ ልትጠይቅ።
የዊኒፔግ ማታ ነው፤ ሠላሳ፣ ከዜሮ በታች፤
እሷ ግን በካልሲ ወለሉ ላይ ትንሸራተታለች።

«ሚስ ፍሪሰን የሰጠችን ዛፍ ነው፤ ስድስት ክብ አለው፤
ነገ ይመለሳል፤ ቶሎ በል ንገረኝ፣ ማን የት ነው?
አያቶች ከላይ፣ ሁለት፤
ከታች እኔ፤ ከጎኔ ወንድም ወይም እህት፤
መካከል ላይ እናትና አባት።»

የእናቷን ክብ ሞላች፣ ፀጉሯን ደመና አስመስላ፤
መነጽሯን ረስታ ኖሮ ጨመረችው ኋላ።
ከአባት ክብ ስትደርስ ግን እርሳሷን ነከሰች።
«አባዬ ሰይፉ ነው፣ ፎቶው ኮሪደር ላይ ያለው» አለች፤
«አንተን የት ላስገባህ?
ክቡ አንድ ብቻ ነው፣ እንዴት ላጠጋጋህ?»

አሥራ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ፣ በበረዶ፣ በጭጋግ፤
አውቃለሁ፣ ሚዳቋ ዘሎ ሲገባ ፍሬን ቀስ አድርጎ መርገጥ እንደሚያስፈልግ።
«እኔ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «እንጀራ አባትሽ ነኝ።»
ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ አደነቆረኝ።
«የሚበላ አባት! ታዲያ ወጥ አባቴ ማን ነው?»
ከጓዳ እናቷም ሳቀች፤ እኔ ግን ቃሉን ገልብጬ አየሁት፣ አማርኛ እንደማያውቅ ሰው።

እኛ ሰፈር፣ ልጅ ሳለሁ፣ «እንጀራ» ከፊት ከገባ
ተረቱ በዱላ ያልቃል፣ ወይ በእንባ።
ቃሉን ያወጣው ሰው ግን ክፋት አልነበረው መሰለኝ፤
ከአንድ ገበታ መቁረስም ያዛምዳል ማለቱ ይሆናል። አላውቅም። ደከመኝ።

ስለዚህ ወደ ቀላሉ ዞርኩ። «አጎትሽ ተካልኝ፣ ካልጋሪ ያለው፣
የእናትሽ ወንድም ነው፤
ሚልኪያስ የአጎትሽ ልጅ ነው እንጂ ‹ከዝን› ብቻ አይደለም፤
በማን በኩል እንደመጣ ስሙ ውስጥ አለ፣ አይደበቅም።
የኔ ወንድም ለእናትሽ ዋርሳ፣ እኔ ለአያትሽ አማች...»
«ዋርሳ! ዋርሳ!» እያለች ከወንበር ወንበር ዘለለች።

ድንገት ቆም አለች። «የአባዬ እናትስ? ላንተ ምንህ ናት?»
በየእሑዱ ትደውላለች፤ የጉልበቷን ሕመም ትነግረኛለች፤
እኔም የውዳሴን ጥርስ እቆጥርላታለሁ፣ ስንቱ ወልቆ ስንቱ እንደበቀለላት።
ለዚህ ዝምድና ቃል ፈለግኩ፤ አጣሁለት።
እሷ ግን «ልጄ» ትለኛለች፤ እኔም «አቤት»።

«ሎላስ?» አለች ወደ ጣሪያው ጠቁማ። ፎቅ ላይ ያሉት ፊሊፒናዊት አሮጊት ናቸው፤
እኔ ሌሊት ስወጣ፣ እናቷ ሥራ ስታድር፣ ቁርስ የሚያበሏት እሳቸው።
«ሎላ ስማቸው አይደለም፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው።»
«እና እስከዛሬ አያቴ እያልኩ ነው የጠራኋቸው?»
«አዎ።»
«ማንም አልነገረኝም» አለች፣ ቅር ብሏት፤
ከጎኗ ባለው ክብ ውስጥ ባቄላ ሣለች፣ ዐይን አበጀችላት፤
በሐምሌ የሚመጣው ነው፣ ስም ገና ያልወጣለት።
«የኔ ወንድም ነው ወይስ ያንተ ልጅ?» «ሁለቱንም ነው» አልኳት።

ላጲስ አልነካችም። ከዛፉ ሥር አውቶቡስ ሣለች፣ ብርቱካናማ፣
ከግንዱ የሚበልጥ፣ ጎማው ጠማማ።
ከፊት እኔን፣ ጢሜን በሰባት መስመር፤
ከኋላ ሎላን፣ ሚልኪያስን፣ መልኩን የማታውቀውን ዋርሳ፣
የአባዬን እናት ከነነጠላዋ፣ በመስኮቱ ዳር።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንዱን ገልብጣ፣ «እንጀራ አባት» ብላ ጻፈች ከራሴ በላይ፤
ሚስ ፍሪሰን ጎንበስ ብላ «ይህ ምንድን ነው?» ትል ይሆናል፣ ነገ ስታይ።
እኔ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነኝ፤
መልሷን አልሰማም፤ «የሚበላ ነው» ብትላትም ግድ የለኝ።