ትርፍ ጣቶች

ከፖስታ ቤት በታች ከታክሲ ወረድን፤
እሱ ምርኩዙን ይዞ፣ እኔ እሱን ይዤ፣ አስፋልቱን ተሻገርን።
የአባቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ሰባት ዓመቱ ነው፤
"ምንም አይደል" ይላል፣ "ደባልቄን እንደሁ እጄ ነው የሚያውቀው።"

ነሐሱ ቆሟል፤ ቁመቱ የሰው ልክ፣
ጥላው ውስጥ ሎተሪ አዟሪ ልጅ ሳንቲም ይቆጥራል።
እግሩ ሥር ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦
"ሻምበል ደባልቄ ቱሉ፣ መሐንዲስና የፈጠራ ባለሙያ፣
ለወገን ጦር መንገድ የከፈተ፣ ከፈንጂው ወዲያ።"

አባቴ ሳቀ።
"ባለሙያ! የተሰበረ ራዲዮ፣ የዚል መኪና ሽቦ፣ የመጥረጊያ እንጨት፣
እኔ ሻማ ይዤለት፣ እሱ ምስማር እያጋለ ሲያጣብቅበት፣
ሌሊቱን ሲሳደብ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ አፏጨለት።
መሬት ውስጥ ብረት ካለ ያፏጫል። ሲያፏጭ ቁም።
እግርህን አንስተህ ከሆነም፣ እንዳነሳህ ቁም።
ያልቆሙትን ልጆች ስም አልጠራልሽም።"

ጫማውን አወለቀ፣ ደጀ ሰላም የደረሰ ይመስል፤
እርከኑን በካልሲ ወጣ።
የነሐሱን እጅ ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ዞረ፣
እንደ ባንክ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ቆጠረ።
"አሥር!" አለ ተቆጥቶ። "አሥር ጣት ሰጥተውታል!
ሁለቱን ሐረር ሆስፒታል ትቶ ነው የመጣ፤ ማን አስመልሶለታል?
ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ወገቡ ላይ? ሽጉጥ?
ሽጉጡንማ ፈታትቶ ሞላውን ለመሣሪያው አርጎት ነበር።"

"እንሂድ በቃ" አልኩት።
"ቆይ" አለ፤ አንገቱን ዳበሰ፣ አገጩን ዳበሰ፣
ጆሮው ኋላ ደረሰ።
እዚያ አጭር እርሳስ አለ።
ጫፉ በጥርስ የታኘከ።
"ይቺን ማን ነገራቸው?" አለኝ።
መልስ አልጠበቀም። ታች ለገሀር ባቡሩ አለፈ፣
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" አለ ረዳቱ፣ አለ፣ ደከመው፤
አባቴ እርሳሷን እንደያዘ ነው።

ልናወርደው ስንል፣ እኔና ሎተሪ አዟሪው፣
ጥበቃው ከዛፉ ሥር ፊሽካውን ነፋ።

አባቴ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤
እንዳነሳው ቆመ።
ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣
እግሩ አየር ላይ ነው፣
እጁ ያንን የማይታወቅ ጣት፣ ትርፉን፣ ጨብጦታል።
ጥበቃው እየሮጠ መጣ፣
"አባት! ይውረዱ እንጂ!"
አባቴ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ፣ ቀስ ብሎ፣
"አትርገጪ" አለኝ።

አልረገጥኩም።