የኪስ ቤት

ወንድሜ ማልካዝ፣ ላንድ ሌሊት ብቻ፣
ላፕቶፑን አዋሰኝ፤ እንደ ቤት መክፈቻ
በሁለት ጣት ይዞ፣ «አደራሽን» ብሎ።
ኩታይሲ ላይ ዝናብ ከማታው አይሎ
የሪዮኒ ወንዝ ድምፅ በመስኮት ይገባል፤
ሚስቱ ኢርማ ባኖረችው ባልዲ ውስጥ ይዘንባል።

ያራት ሱቅ ሒሳብ ነው የምይዘው እኔ፤
ፖቲ ነው ማክሰኞዬ፣ ባቱሚ ሐሙስ ቀኔ።
የራሴን ማሽን ግን ሸጬ በልቼ፣
በሰው ኮምፒውተር ላይ ፋይሌን ትቼ
ስንት በር አንኳኳሁ፦
«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ»።

አሁን ግን ይኸውና፣ ከመዳፌ የሚያንስ
ዲስክ ገዛሁ፣ በኮት ኪስ የሚላወስ፤
ጥጉ የተላጠ፣ በፕላስተር የታሰረ፣
ሻጩ ራሱ ዋጋውን ሲጠራ ያፈረ።
እዚህ ላይ ነው ሲስተሜን የምጭነው፤ ሙሉ ቤት፤
የትም ብሰካው በትእዛዜ የሚነሣልኝ፣
ማንም ፈርሞ ሸጦ የማይነሣኝ።

(ያባታችንን ቤት ማልካዝ ነው የፈረመ።
ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማንም አልተሳደበ፣ ማንም አልታመመ፤
ቁልፌን ከበሩ ሥር አስቀምጬ ሄድኩ፣
ከፋሲካ ፋሲካ ብቻ እየደወልኩ።)

ፍላሹን ሰካሁ። ኤፍ አሥራ ሁለትን፣
ጣቴ እስኪዝል ድረስ፣ ነካካሁት ቁልፉን።
ጫኚው ጠየቀኝ፦ «የቱን ዲስክ ላጥፋ?
ኤን ነው ወይስ ቢን?» ሌሊቱ ሰፋ።
ኤ የማልካዝ ነው፦ የልጆቹ ልደት፣
የሚኒባሱ መድን፣ የኢርማ ወጣትነት።
ቢ የኔ ነው፦ ባዶ።
ሦስቴ አየሁ፣ በጊጋባይት ለየሁ፤
ፊደል ሊዋሽ ይችላል፣ ስፋት ሲዋሽ አላየሁ።
«ቢ» አልኩ። ጠራረገው።
ከታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ስለ ማስነሻው የምታወራ
አንዲት መስመር ነበረች፤ «ቀጥል» አልኳት ሳላጣራ።

ሐሙስ፣ ባቱሚ። የሱቁን ማሽን ከፈትኩ፣
ዲስኬን ሰክቼ ጠበቅኩ።
ምንም።
ነቀልኩ። መልሼ ሰካሁ።
ስልኬ ጮኸ፤ ማልካዝ ነው። «ጥቁር ነው» አለኝ።
«ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ‹ዕቃው የለም› ይላል። ምን አደረግሽብኝ?»

የባሕሩ ነፋስ ጃንጥላዬን ሲያጣምም ደጅ ቆምኩ፦
ለካ ቤቱን በኪሴ ይዤ፣ በሩን
በማልካዝ ግድግዳ ላይ ገጠምኩ!
የሱ ያለኔ አይነሣ፣ የኔ ያለሱ አይከፈት፤
እንዲህ ያለ ሽርክና አባታችን እንኳ
አልተመኘልን በሕይወት።

ማስተካከያው አሥር ደቂቃ ነው፤
ሁለት ትእዛዝ፣ አንዴ አጥፍቶ ማስነሣት።
አውቀዋለሁ።
«ዛሬ እመጣለሁ» አልኩት።
«ብዙ ይፈጃል?» አለ፤ ከጀርባው
ኢርማ ባልዲ ስትደፋ ይሰማኛል።
«እንጃ» አልኩት፣
«ሌሊቱን ሳይፈጅ አይቀርም።»